የጭቃ ሹሙ ዋስ

እንዳላማው ሰላምታ የጀመረው ከፋሲካ ማግስት ነው። ሰላምታ የማያውቅ ሰው ሆኖ አይደለም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ የጭቃ ሹምነቱን ማኅተም ካስጨበጠው ወዲህ ግን የወይራ ሚካኤልን ሰው የሚያየው እንደ አጥር እንጨት ነበር። ሰው ከመንገድ ወጥቶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ እጅ ሲነሳው፣ እሱ በበቅሎው ሁለት ጆሮዎች መካከል አሻግሮ እየተመለከተ ያልፋል። በ1929 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት ግን በቅሎውን ከደጁ አስሮ በእግሩ ወጣ። በየበሩ እየቆመ «እንኳን አደረሳችሁ» አለ። የሕፃናቱን ስም ጠየቀ። የታመመች ላም ዐይን ገልጦ አየ። የአንዲት አሮጊት እንስራ እኔ ካላወረድሁ ብሎ ሲታገል እንስራው ከመሰበር ለጥቂት ተረፈ።

«ምን ነካው?» ተባባለ ሰው።

የነካው ምርጫ ነበር። ከደብረ ኤልያስ ወዲህ ባለችው በዚያች አጥቢያ ጭቃ ሹምነት የሚሄደው በተራ ነው። የሦስቱ አቅኚ አባቶች ዘሮች በየዓመቱ ይቀባበሉታል፤ መስከረም ሲጠባ የአንዱ ያበቃል፣ የሌላው ይጀምራል። እንዳላማው ዓመቱ ሲያልቅ ማኅተሙን አላስረክብም አለ። ተረኛው ሙላት ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄዶ ከሰሰው። ጣሊያኑ ሹም እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ ደግሞ እገሊትን አገባ ሲባል ቢውል ሰለቸውና፣ «ግንቦት ላይ እኔው እመጣለሁ። ሕዝቡ ከሚወደው ሰው ኋላ ይሰለፍ፤ የበዛለት ይሾማል» ብሎ ሁለቱንም አሰናበታቸው። ያን ጊዜ ነው እንዳላማው ሕዝብ የሚባል ነገር በአገሩ መኖሩ ትዝ ያለው።

ወይዘሮ አይናዲስ ይህን ሁሉ ከደጇ ሆና ታያለች። አይናዲስ ባሏ ከሞተባት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የአባቷን ርስት በስሟ ይዛ፣ አንድ ልጇን ታረቀኝን አሳድጋ፣ ለማንም ሳትሽቆጠቆጥ የኖረች ሴት ናት። ቁጡ ናት ይሏታል። እውነት ነው፣ ቁጡ ናት። ግን በአጥቢያው ውስጥ ሰው በሬ ሲዋዋስ፣ ትዳር ሲያስታርቅ፣ ወሰን ሲካለል፣ «አይናዲስ ዋስ ትሁነኝ» ካለ ነገሩ ያለቀ ነበር፤ ያለችው አይዛነፍም።

ያን ዕለት እንዳላማው ከጎረቤቷ ከደብሪቱ ደጅ ቆመ። ደብሪቱ ለስላሳ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት፤ እሷም ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ፍሥሐ። እንዳላማው በሁለት እጁ ጨበጣት።

«እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ፣ ደብሪቱ! እንዴት ከረምሽ? ልጅሽስ ደኅና ነው? ከብቱስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጭቃ ሹም» አለች ደብሪቱ፣ ጎንበስ ብላ። «የልጄን ነገር እንኳ እርስዎ ያውቃሉ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ይመጣል፣ ይመጣል!» አለና ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ አንድ አሞሌ ጨው ከደጃፏ ድንጋይ ላይ አስቀምጦላት ሄደ።

አይናዲስ ይህን ስትሰማ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ደብሪቱን እንደዚያ መሸንገሉ ብቻ አልነበረም ያናደዳት። የዚያ ልጅ ዋስ እሷ ራሷ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከአባይ አፋፍ ደጀን ላይ ለሚሠራው የጣሊያን መንገድ አጥቢያው ስድስት ጎልማሶች ይስጥ ተባለ። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። እንዳላማው መሀል ላይ ቆሞ፣ «ዐሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው። ጾም ሳይያዝ ስድስቱንም በእጄ አመጣቸዋለሁ፣ ሚካኤልን!» ብሎ ማለ። የአጥቢያው መሪጌታ፣ የኔታ ወልደ ሩፋኤል፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «መልካም፤ ዋስ ጥራ» አሉት። በወይራ ሚካኤል ሸንጎ ፊት የተሰጠ ቃል ዋስ እስኪጠራለት ድረስ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ስለ ላም ይሁን ስለ ጋብቻ የተሰጠ ቃል፣ ዋስ ከሌለው ማንም አይሰማውም።

እንዳላማው ወደ ቀኝ ዞረ፤ ወደ ግራ ዞረ። የገዛ አማቾቹ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። ለጣሊያን ያደሩት ባንዶች ጠመንጃቸውን ይዘው ዳር ዳር ቆመዋል። ነገሩ ከተጓተተ ስድስት ሳይሆን ያገኙትን ሁሉ ጠራርገው ሊወስዱ ነው። ያን ጊዜ አይናዲስ ተነሣች።

«እኔ ዋስ ነኝ» አለች።

ከስድስቱ አንዱ የእሷው ታረቀኝ ነበር። ልጁን የሚወስድበት ሰው እንዲታመን ራሱ ዋስ የሚሆን ሕዝብ ሌላ አገር ይኖር ይሆን? ግን አይናዲስ አስባ ነው ያደረገችው። ማኅተም የያዘ ሰው፣ ያውም የሩቅ ዘመዷ፣ በሚካኤል ስም ምሎ፣ በዐሥራ አምስት ቀን ነገር ሰው ፊት አይዋሽም አለች። እንዲያ ብላ ማሰቧ ነው ስሕተቷ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያላለቀላት ስሕተት።

ጾም ተያዘ። ደብረ ዘይት አለፈ፣ ሆሳዕና አለፈ፣ ፋሲካ ሆነ። ስድስቱ አልመጡም። በሕጉ ዋስ የቆመለት ሰው ቃሉን ካጠፈ ተጠያቂው ዋሱ ነው፤ እናቶቹ አይናዲስን ይዘው «ልጆቻችንን አምጪ» የማለት መብት ነበራቸው። አራቱ አንድ ሁለት ጊዜ ጠይቀዋታል። ደብሪቱ አንድ ቀን እንኳ አንስታባት አታውቅም። ምንጭ ወርደው ሲገናኙ፣ «እንዴት አደርሽ አይናዲስ» ብላ የእሷን እንስራ ቀድማ ታሸክማታለች። ይህ ነበር አይናዲስን እንቅልፍ የነሣት። ብትጮህባት፣ ብትረግማት ይቀላት ነበር።

መጀመሪያ ደጇን የረገጠው ሙላት ነው። ሙላት ጣሊያን ከገባ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ከግምጃ ቤት ዕቃ ሲያወርድ ሲጭን ከርሞ፣ አንድ ኮትና ጥቂት የጣሊያን ቃል ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። እንደገባ ይዘረግፈው ጀመር። እሱ ከተመረጠ መንገድ ሥራ የሚባል ነገር ለወይራ ሚካኤል ይቀራል። ጠመንጃ ማንም አያስረክብም። ግብር በግማሽ ይወርዳል። የተነጠቀው የግጦሽ ሜዳ ይመለሳል። ለወይዘሮ አይናዲስ ደግሞ ልጃቸው በሦስት ቀን ውስጥ ከደጃቸው ይቆማል። ዝናቡን በፈለጋችሁት ቀን አዘንማለሁ ማለት ብቻ ነበር የቀረው።

«ዋስህ ማነው?» አለችው።

ሙላት ሳቀ። «ኧረ እትዬ አይናዲስ! ዋስ እኮ የድሮ ነገር ነው። ዘመኑ የወረቀት ነው፤ እኔ በወረቀት ነው የማስጨርስልዎ።»

«እንግዲያው ወረቀቱ ይምረጥህ» አለችና ወደ ጓዳዋ ገባች። ሙላት ኮቱን እያራገፈ ሄደ። በማግስቱ ያንኑ ተስፋ ለአራት ቤት ሰጥቶ፣ በአምስተኛው ቤት ደግሞ የግጦሽ ሜዳውን ለብቻቸው እንደሚሰጣቸው ቃል ገብቶ ነበር። ሰዎቹ ምንጭ ላይ ሲገናኙ ነው የተነቃቁት።

እንዳላማው የመጣው በሳልስቱ ነው፣ አንድ ማሰሮ ማር አስይዞ። አይናዲስ በሩ ላይ ቆመች እንጂ ግባ አላለችውም።

«እት አይናዲስ፣ ፋሲካን እንዴት ዋልሽ?»

«ስድስቱ ልጆች የታሉ፣ ጭቃ ሹም?»

«የመንግሥት ሥራ ነው እኮ፤ ትንሽ ዘገየ» አለ፣ ማሰሮውን እያየ። «አሁንማ ከተመረጥሁ እኔው ራሴ ደጀን ሄጄ አመጣቸዋለሁ።»

«ካልተመረጡስ?»

«ካልተመረጥሁማ ምን ሥልጣን አለኝና?»

የአይናዲስ ደም ፈላ። «ልጆቹን አስይዘው ነው እንግዲህ ምርጡኝ የሚሉን! ቃልዎን የሰጡን ጥር ላይ፣ የሚፈጽሙት እኛ ዳግመኛ ስንሾምዎ! እኔ ያኔ ዋስ ስቆምልዎ ከተመረጥሁ ብለው ነበር? አሉ? የኔታ ይመስክሩ! አምስት እናቶች ፊት ቀና ብዬ መሄድ አቅቶኝ እርስዎ ማር አንጠልጥለው ይዞራሉ? ይውሰዱልኝ ይሄን ማር! ንቡም ቢያውቅ ባልሠራው ነበር!»

ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እንዳላማው ፈገግ ብሎ፣ «ሴት ሲከፋት እንዲህ ናት» ብሎ ለተከታዩ ነገረና ማሩን አስይዞ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ። ያም ቤት ማሩን አልተቀበለም። ማሩ ሲዞር ውሎ ተመልሶ ከቤቱ ገባ ይባላል።

የምርጫው ቀን ግንቦት መባቻ ነበር። ጣሊያኑ ሹም በበቅሎ፣ ሃያ የሚሆኑ ባንዶች በእግር ሆነው መጡ። ከዋርካው ሥር ወንበር ተዘረጋለት። ጎኑ አንድ ሽማግሌ አስተርጓሚ ቆመ። አጥቢያው እንዳለ ወጥቷል፤ ወንዶቹ ወደፊት፣ ርስት ያላቸው ሴቶችም ከኋላቸው።

መጀመሪያ ሙላት ተናገረ። መንገድ የለም፣ ግብር የለም፣ ጠመንጃ መንጠቅ የለም አለ። አስተርጓሚው ይህን እየቀነሰ ሳይሆን አይቀርም ያስረዳው፤ ጣሊያኑ ራሱን ይነቀንቃል። ሙላት ሲጨርስ የኔታ ወልደ ሩፋኤል፣ «መልካም፤ ዋስ ጥራ» አሉት። ሙላት ወደ ሕዝቡ ዞረ። ተስፋ የሰጣቸው አምስቱ ቤተሰቦች ሁሉ እዚያው ነበሩ። አንዱ ጥርሱን ይፍቃል፣ አንዱ የዋርካውን ፍሬ ይቆጥራል። ማንም አልተነሣም። ሙላት ኮቱን ቆልፎ ወደ ዳር ሄደ።

ቀጥሎ እንዳላማው። ከላይ ንጹሕ ጥለት ያለው ሸማ ደርቧል፤ ከሥሩ ጣሊያን የሰጠው ካኪ ኮት አለ። ስለ ሰላም ተናገረ፣ ስለ ጥጋብ ተናገረ። ለአባቶቻችሁ ሥርዓት የቆምሁ እኔ ነኝ አለ፤ ተራ አፍርሶ ማኅተም አላስረክብም ያለ ሰው! «ስድስቱንም ልጆች ሰኔ ሳይገባ አመጣለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ዋስ ጥራ» አሉ የኔታ።

«ዋስማ አለኝ፤ ምን እጠራለሁ» አለ እንዳላማው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የጥር ዋሴ እዚህ አለች። አይናዲስ! ያኔም እሷ፣ አሁንም እሷ።»

ሕዝቡ ተንጫጫ። ያላፈረበትን ነገር ተመልከቱ! ያዋረዳትን ሴት፣ አንገቷን ያስደፋትን ሴት፣ ዳግመኛ መወጣጫ ሊያደርጋት። ዝም የምትል መስሎት ነው። ብዙ ሰው ዝም ብሎለት ለምዷል።

አይናዲስ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ወንዶቹ መንገድ ለቀቁላት። ቀጥ ብላ ሄዳ ከፊቱ ቆመችና የነጠላዋን ጫፍ ከሸማው ጫፍ ጋር ቋጠረችው። ሁለት ጊዜ ቋጠረች፣ አጠበቀችው።

«በንጉሥ አምላክ! ቁም!» አለች።

ይህ የአገሩ ሕግ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ነገር ሲኖረው ጨርቅ በጨርቅ ቋጥሮ፣ በንጉሥ ስም አቁሞ፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። የተቋጠረ ሰው አንድ እርምጃ አይራመድም፤ ቋጠሮውንም የሚፈታ የለም። ግን ንጉሡ ባሕር ማዶ ከተሰደዱ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስማቸውን በጣሊያን ፊት ያነሣ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ተገርፏል። እንዳላማው ወደ ጣሊያኑ ሊሄድ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር፤ ቃሉን ሲሰማ እግሩ ከአየር ላይ ቀረ። የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፣ እግሩ ከሱ ይልቅ ሕግ ያውቃል።

«እኔ ዋስህ ነኝ» አለችው አይናዲስ። «ዋስ ደግሞ የዋሰውን መያዝ ይችላል። የያዝሁህ ይኸው። አሁን እንዲህ እንደተቋጠርን ደጀን እንሄዳለን፤ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ስድስቱን ከዚያ አውጥተህ ለእናቶቻቸው ታስረክባለህ። ያን ጊዜ እፈታሃለሁ፤ ያን ጊዜ ተመረጥ፣ ንገሥ ብትፈልግ!»

ዕድሜዋን ሙሉ እርስዎ ትለው የነበረች ሴት ናት አንተ ያለችው፣ ያውም በሸንጎ መሀል።

ጣሊያኑ ምንድን ነው አለ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ስለ ንጉሡ አንዲት ቃል ሳያነሣ፣ ልጇን ትጠይቃለች ብሎ ነገረው። የዚያን ሽማግሌ ነፍስ ይማር። ጣሊያኑ የታሰሩትን ጨርቆች እያየ ሳቀ። ባንዶቹም ሹማቸው ሲስቅ ሳቁ።

እንዳላማው ቆሞ ሕዝቡን አየ። ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ይጠብቃል። «እሺ፣ እንሂድ» ቢል፣ እመኑኝ፣ ያን ቀን አጥቢያው በሙሉ ከኋላው ይሰለፍለት ነበር። በደሉን ሁሉ ይረሱለት ነበር፤ ይህ ሕዝብ መርሳት አይቸግረውም። እንዳላማው ግን ትከሻውን ሰበቅ አደረገና ከሸማው ውስጥ ሾልኮ ወጣ። ሸማው ከአይናዲስ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እሱ በካኪ ኮቱ ሄዶ ከጣሊያኑ ወንበር ኋላ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ተሰለፉ ቢባል ማን ይሰለፋል? ከእንዳላማው ኋላ ሁለት አማቾቹና አንድ የቤቱ ጭሰኛ ሄዱ። ከሙላት ኋላ ወንድሙ ብቻ። የቀረው ሰው ቁጭ አለ፤ ባንዶቹ በሰደፍ እየገፉ ቢያስነሡትም መልሶ ይቀመጣል። ጣሊያኑ ሰዓቱን አየ። ሦስት ከአንድ ይበልጣል አለ። እንዳላማውን ሾመው፣ አዲስ ማኅተም ሰጠው፣ በበቅሎው ሄደ። በሺህ ሰው ፊት በሦስት ሰው ተመረጠ ማለት ነው፤ እሱም ሳያፍር «ሕዝብ የመረጠኝ» እያለ ዓመታት ኖረ።

አይናዲስ ሸማውን ከተቋጠረበት ነጠላዋ ጋር ጠቅልላ ከሣጥኗ አኖረች፤ በማግስቱ ሌላ ነጠላ ደርባ ለብቻዋ ወደ ደጀን ተነሣች። ሦስት ቀን ሄዳ ደረሰች። ከአፋፉ ላይ ሆና ቁልቁል ስታይ ሰው እንደ ጉንዳን ገደሉን ይዞ ድንጋይ ይፈልጣል። ሠራተኛ የሚቆጣጠረው ጸሐፊ የትግራይ ሰው ነበር፤ ርኅራኄ አላጣም። መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበላት።

«ወይራ ሚካኤል። ስድስት ሰው። ለአንድ ዓመት። የጭቃ ሹም እንዳላማው ማኅተም አለበት።»

«ለስንት?» አለች።

«ለአንድ ዓመት፣ እናቴ። ጥር ላይ ነው የፈረመው።»

ጥር ላይ። ዋርካው ሥር ቆሞ ሚካኤልን ብሎ የማለ ዕለት፣ ወረቀቱ ማኅተም አርፎበት ነበር። አይናዲስ ዋስ የቆመችው ገና ሲነገር ለሞተ ቃል ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

ጸሐፊው ጣቱን ከስድስቱ ስሞች አንዱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ነገራት። ፍሥሐ በሆሳዕና ሳምንት በቆላ ንዳድ ሞቷል፤ እዚያው ከመንገዱ ዳር ቀብረውታል። «ወዲያው ለጭቃ ሹማችሁ መልእክት ልከናል» አለ። «መልእክተኛው ስቅለት ዕለት ደርሶ ነግሮታል። ለእናቱ አልነገረም እንዴ?»

ስቅለት ዕለት። ከስቅለት እስከ ፋሲካ ማግስት ሦስት ቀን ነው። ያ ሰው የፍሥሐን መርዶ በጉያው ይዞ ነው ከደብሪቱ ደጅ የቆመው! ይዞ ነው በሁለት እጁ የጨበጣት። ልጅሽስ ደኅና ነው ብሎ የጠየቃት፣ ይመጣል ብሎ ትከሻዋን የመታት፣ አሞሌ ጨው የሰጣት። መርዶ ከተነገረ ለቅሶ ይሆናል፤ ለቅሶ ከሆነ ሰው ይቆጣል፤ ሰው ከተቆጣ ምርጫ ይበላሻል። ይህን አስልቶ ነው። ከዚህ የከፋ ስንት ነገር በዚያ ዘመን ሆኗል፤ ሰው ታርዷል፣ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሏል። ግን የወይራ ሚካኤል ሰው እስከ ዛሬ ሲያወራው ጥርሱን የሚያንቀጫቅጨው ያ ሰላምታ ነው።

አይናዲስ ታረቀኝን ለጥቂት ጊዜ አየችው። ሁለት ጣቱን ድንጋይ በልቶታል፣ ከስቷል፣ ግን በሕይወት አለ። ከዚያ የፍሥሐን መቃብር አሳያት። ከላዩ አንድ ድንጋይ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ተመለሰች።

ደብሪቱን ያገኘቻት ከማሳዋ ዳር ነው። እርሻ አልታረሰም፤ የሚያርስ የለማ። አይናዲስ ምንም ሳትናገር ከእግሯ ሥር ወደቀች። ደብሪቱ ድንጋዩን አየች፤ ሁሉን ተረዳች። ጩኸቷ ማሳ ለማሳ ሲሄድ ሰው ከየቤቱ ወጣ።

ሦስት ቀን ከተለቀሰ በኋላ አይናዲስ በለቀስተኛው ፊት ተነሥታ፣ እንዳላማው መርዶውን ከስቅለት ጀምሮ ደብቆ እንደያዘ ተናገረችና፣ «ዋሱ እኔ ነኝ። ልጅሽን ላመጣ ቃል ገብቼ ድንጋይ አመጣሁልሽ። በፈለግሽው ዳኚኝ» አለች።

«አንቺ ምን አደረግሽኝ፣ አይናዲስ» አለች ደብሪቱ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ለቅቄሻለሁ።»

«አንቺ ብትለቂኝ እኔ አልለቀቅሁም።»

በማግስቱ የአይናዲስ በሬዎች በደብሪቱ ማሳ ላይ ተጠመዱ። ሙላት ነው ያረሰው። አዎ፣ ያ ሙላት፤ ኮቱን አውልቆ መጣና እርፉን ያዘ፤ ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም ምንም ተስፋ አልሰጠም። በጥር ዓመቱ ሲሞላ አምስቱ ልጆች ተመለሱ። ታረቀኝ በሦስት ጣት እርፍ መያዝ ተለማመደና ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጀመሪያ የሚያርሰው የደብሪቱን ነው፤ የእናቱ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። አይናዲስ እስክትሞት እንዲህ ነበር። እንዳላማው ግን አንድ ትልም አላወጣም። ማኅተሙን ይዞ ኖረ። ያዘዘውን ሰው በግድ ይፈጽማል፤ ክርስትና የጠራው፣ ጠብ ያስታርቅልኝ ያለው ሰው ግን አልነበረም።

በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲሄድ እንዳላማውን ይዞት አልሄደም። አጥቢያው ከሰሰው። ክረምቱ ሳይገባ ደብረ ማርቆስ ከአዲሱ ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ካኪ ኮቱን ጥሎ፣ በአንድ እጀ ጠባብ። ዳኛው ክሱን ሰምቶ፣ «ፍርዱ እስኪሰጥ ዋስ ጥራና ከቤትህ ሁን። ዋስ ከሌለህ ወህኒ ትወርዳለህ» አለው።

እንዳላማው ዞረ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። አማቾቹ አንገታቸውን ደፉ። ዐይኑ ሲቅበዘበዝ ሄዶ አይናዲስ ላይ አረፈ፤ አፉንም ከፈተ! «እት አይናዲስ…» አለ።

አይናዲስ ተነሣች። ከጉያዋ አንድ ጥቅል አወጣች። ሸማው ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ከሣጥኗ የተቀመጠው፣ የእሷ ነጠላ ጫፉ ላይ እንደተቋጠረ። ፈትታው አታውቅም። ሄዳ ሸማውን ትከሻው ላይ ጣለችለት፣ አስተካክላ አለበሰችው፣ በፊት ለፊቱም አሠረችው። ከዚያ የነጠላውን ጫፍ ይዛ ሄዳ ከደብሪቱ እጅ ላይ አኖረችው።

ዳኛው ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቀም። የአገሩ ሰው ነበር።

ዘበኛው ሊወስደው ሲመጣ ደብሪቱ ጨርቁን ይዛ ጥቂት እርምጃ አብራው ሄደች። ከደጁ ስትደርስ ቆመች፤ እሱም ቆመ። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው፣ እንደ ድሮው።

«እንዴት ከረሙ፣ ጭቃ ሹም?» አለችው። «ልጆችዎስ ደኅና ናቸው? ከብቱስ?»

እንዳላማው መሬት መሬት አየ። ደብሪቱ የነጠላውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ መልሱን ጠበቀች። ዘበኛውም አላጣደፋትም።